መድኃኒት የሚያጠፋው ማሽን በፌጦ ሲፈተን

ወርክሾፔ መስኮት ላይ ሦስት የስኒ ማስቀመጫ ሰሃኖች አሉ። እያንዳንዳቸው ላይ እርጥብ ሶፍት ተነጥፏል። ሶፍቱ ላይ ሃያ ሃያ ፍሬ ፌጦ በትኛለሁ። አንዱን የማጠጣው በቧንቧ ውኃ ነው። ሁለተኛውን ከማሽኑ በወጣ ውኃ። ሦስተኛውን ከማሽኑ ወጥቶ በከሰል በርሜል ባለፈ ውኃ። በሦስተኛው ቀን የበቀለውን እቆጥርና ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ማሽኑ ከሆስፒታል ፍሳሽ ውስጥ የመድኃኒት ቅሪት የሚያጠፋ ነው። ዛሬ ስለዚህ ማሽን ያለኝን ሐሳብ ልንገራችሁ። አሥራ አራት ወር አብሬው ሠርቻለሁ።

የምሠራው ከቱሉ ዲምቱ ብዙ በማይርቅ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሥራዬ ጥገና ነው። ጄኔሬተር፣ የውኃ ፓምፕ፣ የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚያጸዳው አውቶክሌቭ፣ እንዲሁም ፍሳሽ። የከተማው የፍሳሽ መሥመር እኛ ጋ አልደረሰም። ሴፕቲክ ታንክ ነው ያለን፤ ሲሞላ ቦቴ እንጠራለን። ከታንኩ የሚያልፈው ውኃ ማስረጊያ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ክረምት ላይ ግን መሬቱ መረሬ ስለሆነ አያሰርግም። ጉድጓዱ ይሞላና ውኃው በቦዩ ወደ ታች ይወርዳል። ታች ያለው የአቃቂ ወንዝ ነው።

አክስቴ እዚያው ወንዝ ዳር ጎመንና ቆስጣ ታለማለች። ያደግኩት እሷ ቤት ነው። የምታጠጣው ከወንዙ በፓምፕ ስባ ነው፤ ሌላ ውኃ የላትም። ጎመኗ ገበያ ወጥቶ ከተማው ይበላዋል። የተረፈው ውኃ ደግሞ አባ ሳሙኤል ይገባል፣ ከዚያ አዋሽን ይይዛል። አንድ ቀን ቡና አፍልታ እየጠጣን፣ «አንተ ልጅ፣ ያ የበሽተኞቹ ውኃ መጨረሻው የት ነው?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት ተነሣሁ። ሆስፒታሉ ማሽን ይገዛ ብዬ መወትወት የጀመርኩት ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው።

ብዙ ሰው የሆስፒታል ፍሳሽ ሲባል ጀርም ብቻ ይመስለዋል። ጀርሙን በረኪና ይገድለዋል። አስቸጋሪው መድኃኒቱ ነው። የዋጥነው መድኃኒት ሁሉ ሰውነታችን ውስጥ አያልቅም። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ለምሳሌ እንይ። ከተዋጠው ውስጥ ከ40 እስከ 50 በመቶው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ለሲቲ ስካን ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ በደም ሥር የሚሰጠው አዮዲን ያለው ኮንትራስትማ ጭራሽ ሰውነት አይነካውም። በአንድ ቀን ውስጥ አብዛኛው እንዳለ በሽንት ይወጣል።

በባክቴሪያ የሚሠሩ የፍሳሽ ማጣሪያዎች ፓራሲታሞልንና አይቡፕሮፌንን ደህና አድርገው ይበላሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ካርባማዜፒንን ግን እንደገባ ነው የሚያስወጡት። አንቲባዮቲክ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በትንሽ በትንሹ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ይረዳዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰው በዓለም ላይ እንደሞተ ተገምቷል። ፍሳሹ የችግሩ አንድ መንገድ ነው እንጂ ሙሉው አይደለም። ግን በእኔ እጅ ያለው እሱ ነው።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። ቁመቱ እንደ ትልቅ ፍሪጅ ነው። ውስጡ 200 ሊትር የሚይዝ ታንክ፣ ውኃውን የሚያዞር ፓምፕ፣ የኤሌክትሮድ ሳጥን፣ የአልትራቫዮሌት መብራት ያለበት የብረት ቱቦ፣ ከላይ ደግሞ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ አለው። ኤሌክትሮዶቹ በሩቴኒየምና በኢሪዲየም ኦክሳይድ የተለበጡ የቲታኒየም ሳህኖች ናቸው። የእኛው በ12 ቮልት 60 አምፔር ይስባል። መብራቱ 75 ዋት ነው፤ ብርሃኑ 254 ናኖሜትር ላይ ነው፣ ማለት በዓይን አይታይም። የሚታየው ሰማያዊ ነገር ትርፉ ነው። እሱንም ቢሆን በባዶ ዓይን እንዳታዩት። ዓይንም ቆዳም ያቃጥላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሽንት ውስጥ ጨው አለ። ኤሌክትሪኩ ከጨው ላይ ክሎሪን ያወጣል፤ ማለትም ማሽኑ እዚያው በረኪና ይሠራል። ከውጭ ኬሚካል መግዛት የለም። ያ ክሎሪን አንዳንዱን መድኃኒት ራሱ ይሰባብራል። ከዚያ ውኃው በመብራቱ ስር ሲያልፍ ብርሃኑ ክሎሪኑን ይከፍለውና ራዲካል የሚባሉ በጣም ጉልበተኛ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ዕድሜያቸው ከዓይን ጥቅሻ ያጠረ ነው። በዚያች ቅጽበት ያገኙትን ነገር ይነክሳሉ። መድኃኒት ይሁን፣ ስኳር ይሁን፣ ሳሙና ይሁን አይመርጡም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ የማሽኑ ጥሩነትም ድክመትም ከዚህ ነው የሚመጣው።

ሻጩ መጥቶ ያሳየን ቀን ሁላችንም ተደንቀን ነበር። ንጹህ ውኃ ውስጥ ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ሟሟ፣ ማሽኑ ተነሣ፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ናሙናው ሲለካ መድኃኒቱ የለም። ወረቀቱ ላይ «99 በመቶ» ተጽፏል። ሥራ አስኪያጁ እዚያው ፈረመ ማለት ይቻላል። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ዲክሎፌናክ ለብርሃን በጣም ስስ ነው። ኤሌክትሮድ ባይኖርም መብራቱ ብቻውን ይበትነዋል። ያውም ውኃው ንጹህ ነበር፤ ራዲካሎቹ የሚነክሱት ሌላ ነገር አልነበረም። ሻጩ ዋሸ አልልም። ፈተናው ግን ቀላል ፈተና ነበር።

ዲክሎፌናክን ማጥፋት ራሱ ትንሽ ነገር ነው ማለቴ ግን አይደለም። በሕንድና በፓኪስታን ዲክሎፌናክ የተወጉ ከብቶች ሬሳ የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው ከሥራ ወጥቶ እንዳለቁ በ2004 እ.ኤ.አ. ተረጋግጧል። ሕንድ በ2006 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱን ለከብት መስጠት ከለከለች። እዚያ መንገዱ ሥጋ እንጂ ፍሳሽ አልነበረም። ቢሆንም እኛ አገር ጥንብ አንሳ ቄራ ላይ ሲያንዣብብ ላደገ ሰው ይሄ ታሪክ አይረሳም።

ማሽኑን ስንተክል የመጀመሪያው ስህተት የእኛ ነበር። የሆስፒታሉን ፍሳሽ በሙሉ በእሱ ለማሳለፍ አሰብን። በቀን ወደ 30 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። የልብስ ማጠቢያው ሳሙና፣ የወጥ ቤቱ ዘይት፣ የሽንት ቤቱ ሁሉ አንድ ላይ። የገባው ጥቁር ውኃ ከአራት ሰዓት በኋላ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ሽታው ቀነሰ። መድኃኒቱ ግን አልተነካም ቢባል ይቀላል። ብርሃኑ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ሁለት ጣት አይዘልቅም። ክሎሪኑን ደግሞ ሳሙናውና ዘይቱ ጨረሱት።

ከዚያ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ኤሌክትሮዱ፣ መብራቱና ፓምፑ ተደምረው ወደ 1.17 ኪሎዋት ይወስዳሉ። በኋላ እንዳየነው አንድ ዙር በእኛ ውኃ ስድስት ሰዓት ይፈልጋል፤ ሻጩ ያለው አራት ነበር። ስለዚህ ለ200 ሊትር 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። ለ30 ሜትር ኪዩብ ካሰባችሁት በቀን ከ1,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሆናል። ማንም ሆስፒታል አይችለውም። 200 ሊትሩ ብቻ ከሆነ ግን 3.5 ኪሎዋት በሚወስድ ምጣድ ሁለት ሰዓት እንጀራ መጋገር ማለት ነው። ይሄን የማይችል ሆስፒታል የለም።

ጥያቄው የትኛውን 200 ሊትር የሚለው ሆነ። መልሱን የሰጠችኝ የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ሲስተር ናት። «መድኃኒቱ ያለው ሽንቱ ውስጥ ከሆነ ለምን ሽንቱን ለብቻ አንሰበስብም?» አለችኝ። አልጋ ላይ የሚሸኑ ታካሚዎች ሽንት፣ ከካቴተር (ከሽንት ማውጫ ቱቦ) ከረጢት የሚደፋውና ዕቃው የታጠበበት ውኃ ቀድሞም አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የሚደፋው። እኔ ያደረግሁት የዚያን ክፍል መድፊያ ቱቦ ቆርጬ ወደ 500 ሊትር ሮቶ ማዞር ብቻ ነው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የማሽኑን ሥራ ከማንም ባለሙያ በላይ የለወጠው ይህ ቱቦ ነው። ኮንትራስት የወሰዱ ታካሚዎችም ቤታቸው እስኪሄዱ እንዲሁ ይደረግላቸዋል።

ሽንት ለማሽኑ ንጹህ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ ክሎሪኑን ይሻማል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ማሽኑ ከመድኃኒቱ ጋር ሳይሆን ከዩሪያው ጋር ነው የሚታገለው። ያን ጊዜ ክሎራሚን ይፈጠራል፤ ዋና ገንዳ ሄዳችሁ ከሆነ ሽታውን ታውቁታላችሁ። ዓይን ያስለቅሳል። አራት ሰዓት ያልበቃን ለዚህ ነው።

ናሙና መድኃኒት በጥቃቅን መጠን መለካት ለሚችል ላብራቶሪ ላክን። በአራተኛው ሰዓት ዲክሎፌናኩ አልተገኘም። ሲፕሮው በጣም ወርዷል። ካርባማዜፒኑ ግን ከግማሽ በላይ እንዳለ ነበር። በስድስተኛው ሰዓት ጥቂት ብቻ ቀረ። አዮዲን ያለው ኮንትራስት ሁለቱንም ጊዜ ከሁሉም ያነሰ ነበር የተነካው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ማሽን ልትገዙ ከሆነ ሻጩን በዲክሎፌናክ አታስፈትኑት። ካርባማዜፒን አምጡ። ውኃውንም ከራሳችሁ ቱቦ ቅዱ።

ያ ልኬት ውድ ነው። በየወሩ አይላክም። በየሳምንቱ የማደርገው ውኃው 254 ናኖሜትር ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ ማስለካት ነው። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ቀለበት ያለው ቅርጽ አላቸው፤ ቀለበቱ ያንን ብርሃን ይውጣል። ንባቡ ሲወርድ ቀለበቱ እየተሰበረ ነው ማለት ነው። ለፍሳሽ ባለሙያዎች የታወቀ ዘዴ ነው፣ ወጪውም ትንሽ ነው።

አሁን ስለ ፌጦው። መድኃኒቱ ተሰበረ ማለት ውኃው ደህና ሆነ ማለት አይደለም። ስብርባሪው ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ካርባማዜፒን ሲሰበር ከሚወጡት አንዱ አክሪዲን ነው፤ እሱም መርዛማ ነው። ክሎሪን ባለበት ደግሞ ክሎሬትና ሌሎች ክሎሪን የያዙ ነገሮች ይፈጠራሉ። እነዚህን ሁሉ የምለካበት መሣሪያ የለኝም። ፌጦ ግን አለኝ። ፌጦ ፈጣን ነው፣ ውኃ ላይ ያለ ችግርም ቶሎ ያሳብቅበታል። በውጭ አገርም የአፈርና የውኃ ጤንነት የሚሞከርበት ዘር ነው። ዘሩን የሰጠችኝ አክስቴ ናት፣ ለምን እንደፈለግሁት ስነግራት ሁለት እፍኝ ጨመረችልኝ።

የመጀመሪያው ወር ከማሽኑ በቀጥታ በወጣው ውኃ ከሃያው ፌጦ አንድም አልበቀለም። ደነገጥኩ። ምክንያቱ አብዛኛው የተረፈው ክሎሪን ነበር። ከማሽኑ ቀጥሎ አክቲቭ ካርቦን የሞላሁበት በርሜል ጨመርኩ። ተራ የማገዶ ከሰል አይደለም፣ ለውኃ ማጣሪያ የሚሸጠው ነው። ክሎሪኑን ይገድላል፣ ከስብርባሪውም የተወሰነውን ይይዛል። ከዚያ ወዲህ በሦስተኛው ሰሃን ላይ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ይበቅላል። የቧንቧው ውኃ አሥራ ዘጠኝ ያበቅላል። ልዩነቱ ጨው ይመስለኛል። ማሽኑ ጨው አያወጣም። ስለዚህ ይህ ውኃ ለመስኖ ይሁን አልልም። ወደ ሴፕቲክ ታንኩ እንመልሰዋለን።

የካርቦን በርሜሉን ሻጩ አልነገረንም። ሌላም ያልነገረን ነገር አለ፤ ይሄኛው ያናድደኛል። ኤሌክትሮዱ ሃይድሮጅን ያወጣል። በ60 አምፔር በሰዓት ከ25 ሊትር በላይ ይሆናል። ሃይድሮጅን አየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል። ማሽኑን የተከሉልን ባለሙያዎች መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ አስቀምጠውት ሄዱ። ያየሁት በአራተኛው ቀን መመሪያውን ሳነብ ነው። ወዲያው ብሬከሩን አጠፋሁ። ጣራውን በስቼ ቱቦ አወጣሁ፤ በሩ ላይም ከታችም ከላይም ቀዳዳ አበጀሁ። ደውዬ ስናገር «መመሪያው ላይ አለ» ተባልኩ። ልክ ነው፣ አለ። ገጽ 41 ላይ። የሰው ሕይወት የሚነካ ነገር ገጽ 41 ላይ አይጻፍም። በር ላይ በቀይ ይለጠፋል። እኔ ለጥፌዋለሁ።

ጥገናው ከባድ አይደለም፤ ችላ ካሉት ግን ማሽኑ ይሞታል። ዕቃው የሚታጠበው በጉድጓድ ውኃ ነው፣ ኖራው ይበዛል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ኤሌክትሮዱ ላይም ይጋገራል። ቮልቱ ከ12 ወደ 14 ሲወጣ ምልክቱ እሱ ነው። ሲትሪክ አሲድ በውኃ በጥብጬ ለአንድ ሰዓት አዞርበታለሁ፣ ይለቃል። በብረት ብሩሽ እንዳትፈትጉት። ልባጡ ከተላጠ ቲታኒየሙ ብቻውን አይሠራም፣ ማሽኑም የሚያስወጣው ገንዘብ ያለው እዚያ ልባጥ ላይ ነው። መብራቱን የሸፈነው የኳርትዝ ቱቦም በየአሥር ቀኑ በዚያው አሲድ ይታበሳል። ከቆሸሸ መብራቱ እየበራ ምንም አይሠራም። ሰሌዳው ላይ አረንጓዴ ታያላችሁ፣ ውኃው ግን ብርሃን አያገኝም።

መብራቱ 9,000 ሰዓት ይሠራል ተብሎለታል። ቆጣሪው አሁን 2,300 ላይ ነው። የኤሌክትሪክ መቆራረጡ ግን ያስፈራኛል። እየጠፋ በተነሣ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ የምናስነሣው ሌሊት ነው፤ እኛ ሰፈር ሌሊት ኤሌክትሪክ ይረጋል። ቀን ካስነሣነውና ከጠፋ ወደ ጄኔሬተር አላዞረውም፣ ዙሩን እጠብቃለሁ። የተቃጠለ መብራት ደግሞ ሜርኩሪ አለው። ከሌላ ቆሻሻ ጋር አይጣልም። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ አሮጌውን መልሶ እንደሚወስድ በውል አስጽፉ። እኛ አስጽፈናል።

አንድ ቀን ማሽኑ አረፋ ደፍቆ ክፍሉን ሞላው። ፓምፑ አየር ሳበ፣ ሙቀቱ ወጣ። ስናጣራ ጊዜው ያለፈበት የልጆች አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ተደፍቷል። ብዙ ጠርሙስ። የደፋው ሰው ክፋት የለውም፤ «መድኃኒት የሚያጠፋ ማሽን አለ» ሲባል ሰምቶ ነው። ግን ሽሮፕ ስኳር ነው። ያን ሁሉ ስኳር ሲነክሱ ራዲካሎቹ ለመድኃኒቱ አይተርፉም። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በሕጉ መሠረት ለብቻው ተሰብስቦ ይወገዳል እንጂ ውኃ ውስጥ አይገባም። አሁን መድፊያው ላይ ሥዕል ለጥፈናል፤ ጠርሙስ ላይ ቀይ መስቀል።

ሌላ አማራጭ የለም ወይ ለምትሉ፣ አለ። ስዊዘርላንድ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረጡ የከተማ ማጣሪያዎቿ ከእንዲህ ያለ ቅሪት 80 በመቶውን እንዲያስወግዱ በሕግ ታዛለች። እዚያ የሚሠሩት በዋናነት በኦዞንና በአክቲቭ ካርቦን ነው። ለትልቅ ማጣሪያ እሱ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ቀድሞ በባክቴሪያ የጸዳ ብዙ ውኃ ላላቸው ነው። እኛን ለመሰለ፣ መሥመር ላልደረሰው፣ ሽንቱን ለብቻ መሰብሰብ ለሚችል ሆስፒታል ግን ይሄ ትንሽ ማሽን ይሠራል። ኬሚካል በመኪና አያስጭንም። ቦታ አይወስድም። እንደ እኔ ያለ ቴክኒሻን ይጠግነዋል። ዋጋው ከአንድ ያገለገለ ሚኒባስ ጋር ይቀራረባል፣ ካርቦኑና መለዋወጫው ሳይታሰብ። ከአምስት ስጡት ብትሉኝ ለማሽኑ አራት፣ ለተከላው አገልግሎት ሁለት እሰጣለሁ።

ባለፈው ወር ሻጩ ተመልሶ መጣ። አዲስ ሕንፃ እየጨመርን ስለሆነ አምስት እጥፍ የሚሆን ማሽን ይዞ ነበር፣ በካታሎግ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ ጠየቀኝ። ትልቁን አንግዛ አልኩት። በዚያ ገንዘብ አዲሱ ሕንፃ ገና ሲሚንቶው ሳይደርቅ ሽንት የሚለይ ሁለተኛ መሥመር ይዘርጋ። ሽንት ቤቶቹም ሽንቱን ከፊት በኩል ለብቻ የሚቀበሉት ዓይነት ይሁኑ። ከግንበኞቹ ጋር ሄጄ ቱቦው የሚያልፍበትን ቦታ በኖራ አስምሬያለሁ። ሥራ አስኪያጁ ገና አልፈረመም። አርብ ስብሰባ አለ፤ ደብተሬንና ሦስቱን ሰሃኖች ይዤ እገባለሁ።